ምዕራፍ ስድስት፦ ውሉ ጠበቃው ዘንድ ለምን ይተኛል?

ሁለት ነጋዴዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ውይይት በዋጋው፣ በመጠኑና በማስረከቢያው ቀን ይስማማሉ። ይጨባበጡና «ከእንግዲህ የቀረው ወረቀቱ ነው፤ ለጠበቃ እንስጠው» ተባብለው ይለያያሉ። ሁለት ወር ያልፋል፤ ውሉ አልተፈረመም። አንዱ «ጠበቃችን እያየው ነው» ይላል። ሌላው «የእናንተ ጠበቃ የጨመረውን አንቀጽ የእኛው አልተቀበለውም» ይላል። ዕቃው መጋዘን፣ ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል። ሁለቱም ንግዱን ይፈልጉታል፤ ንግዱ ግን አልተጀመረም።

በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው የሚደርስበት ድምዳሜ «ጠበቆች ሥራ ያጓትታሉ» የሚል ነው። ቅሬታው መሠረት የለውም አይባልም። በየሐረጉ የሚከራከር፣ ረቂቁን ለሳምንታት የሚያቆይ፣ ሊደርስ የማይችል አደጋ እየቆጠረ ደንበኛውን የሚያስፈራ የሕግ ባለሙያ አለ። ይሁን እንጂ የዘገየን ውል ከሥሩ ስንመረምረው ብዙ ጊዜ የምናገኘው ባለቤቱ ያልወሰነውን ጉዳይ ነው። ነጋዴው ምን ያህል አደጋ መሸከም እንደሚችል፣ በየትኛው ነጥብ እንደሚለቅና በየትኛው እንደማይለቅ ሳይቆርጥ ረቂቁን ለጠበቃ ያሳልፋል። ጠበቃው ለዚህ ውሳኔ ሥልጣኑም መረጃውም የለውም። ስለዚህ ሙያው ያስተማረውን ያደርጋል፤ ይጠነቀቃል። ሌላኛው ወገን ዘንድ ያለው ጠበቃም እንዲሁ ያደርጋል። ሁለት ጥንቃቄዎች ሲገናኙ ውሉ ይቆማል።

የዚህ ምዕራፍ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የሕጉ ጥያቄ የጠበቃው ነው፤ የንግዱ ሥጋት ውሳኔ ግን የባለቤቱ ነው። ይህን ድንበር ያሰመረ ነጋዴ ከጠበቃው ፍጥነትንም ጥበቃንም ያገኛል።

የመዘግየት ዋጋ

«ጥቂት ቢቆይ ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ገበያው እንደማይጠብቀው ረስቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን አደረገ። እስከዚያ ቀን በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በዚያ ሰሞን በብር ዋጋ ተስማምቶ፣ ውሉን ግን ሳይፈርም «ጠበቃ እያየው ነው» ሲል የነበረ አስመጪ የተስማማበት ዋጋ ከእጁ ወጣ። የምንዛሪ ለውጥ ሲኖር ዋጋው እንዴት እንደሚስተካከል የሚገልጽ አንቀጽ ያለበትን ውል አስቀድሞ የፈረመው ግን ቢያንስ ድርድሩን የሚጀምርበት መሬት ነበረው።

ምንዛሪው ባይለወጥ እንኳ የማጓጓዣ ዋጋ ይጨምራል፤ ሻጩ ዕቃውን ለሌላ ይሸጣል፤ የባንክ ብድር ፈቃድ ጊዜው ያልፋል። ከገንዘቡ በላይ ደግሞ መተማመን ይጎዳል። ትናንት እጅ ለእጅ የተጨባበጠ ሰው ዛሬ «ቢክድ፣ ቢያጭበረብር፣ ቢከስር» የሚሉ አሥር አዳዲስ አንቀጾች ሲላኩለት፣ የጻፋቸው ጠበቃው መሆኑን ቢያውቅም «ለካ እንዲህ ነው የሚያስበኝ?» ማለቱ አይቀርም። ሥራው ሳይጀመር ጥርጣሬ ይገባል።

ጠበቃው የቆመበት ቦታ

መፍትሔ ለማግኘት በመጀመሪያ ነገሩን ጠበቃው ከቆመበት ቦታ ማየት ያስፈልጋል። ውሉ ቶሎ ተፈርሞ ሥራው ቢያምር ምስጋናው የነጋዴው ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ክርክር ተነስቶ አንድ ሐረግ የጎደለ እንደሆነ ግን «ይህን ያየው ማን ነበር?» ተብሎ የሚጠራው ጠበቃው ነው። በፍጥነቱ የማይሸለም፣ በስሕተቱ የሚጠየቅ ሰው ወደ ጥንቃቄ ቢያደላ አይፈረድበትም። ለድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ነገረ ፈጅ ሲሆን ጫናው ይብሳል፤ «ሕግ ክፍሉ አይቶታል» የሚለው ማስታወሻ ከሥሩ የእርሱ ፊርማ አለበትና።

ሁለተኛው ምክንያት የጊዜና የክፍያ ነገር ነው። ለንደንና ኒውዮርክ ያሉ ትልልቅ የሕግ ድርጅቶች በብዛት የሚያስከፍሉት በሰዓት ነው፤ ረቂቁ በተመላለሰ ቁጥር ሒሳቡ ይጨምራል። እኛ ዘንድ ቁርጥ ክፍያ የተለመደ ስለሆነ ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ጠበቆች በሽርክና የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው የፌዴራል ጥብቅና አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1249 የወጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ሥራው በግለሰብ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለነበር፣ ዛሬም ብዙ ጠበቆች ብቻቸውን ወይም በአነስተኛ ቢሮ ይሠራሉ። ጠዋት ልደታ ችሎት፣ ከሰዓት ሌላ ችሎት ይቀርባሉ። የፍርድ ቤት ቀጠሮ ቢያልፍ ደንበኛው መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። ረቂቅ ውል ግን ቀጠሮ ስለሌለው ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ነገ፣ ከነገ ወደ ሰኞ ይገፋል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው፤ ረቂቁን ስትሰጥ ቀጠሮ ስጠው። «ሲመችህ እየው» የተባለ ሥራ የሚመች ቀን አያገኝም።

ሦስተኛው ምክንያት የሕግ ባህል ልዩነት ነው፤ በተለይ ከውጭ ኩባንያ ጋር ሲዋዋሉ ይታያል። በእንግሊዝና በአሜሪካ የዳበረው ልማድ የሚታሰበውን ሁሉ ውሉ ውስጥ መጻፍ ነው። ትርጓሜው፣ የማይቻልበት ሁኔታ፣ ማስታወቂያ የሚሰጥበት መንገድ፣ ሁሉም በዝርዝር ይሰፍራል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ ረቂቅ ላይ ተመሥርቶ በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ የአህጉራዊ አውሮፓን ባህል ተከትሏል። ተዋዋዮቹ ዝም ያሉበትን ብዙ ክፍተት ሕጉ ራሱ ይሞላል። ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ምን እንደሆነ፣ ያልፈጸመ ወገን በምን እንደሚጠየቅ፣ ውል በቅን ልቦና እንዴት እንደሚተረጎም ተደንግጓል። የውጭው ጠበቃ 40 ገጽ ሲልክ የእኛው ግማሹ አያስፈልግም ሊል ይችላል፤ ሁለቱም በየባህላቸው ትክክል ናቸው። ውሉ በማን ሕግ እንደሚገዛ በመጀመሪያው ሳምንት ካልተወሰነ ግን ክርክሩ በየአንቀጹ ይደገማል። ስለዚህ ውሉ የሚገዛበትን ሕግ በመጨረሻው ገጽ ለመጨረሻው ቀን አታቆየው፤ ከዋጋው ጋር አብረህ ጨርሰው።

የምንከራከርበትና የምንጣላበት

እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተውና አሁን ወርልድ ኮሜርስ ኤንድ ኮንትራክቲንግ የተባለው ዓለም አቀፍ የውል ባለሙያዎች ማኅበር፣ ድርድር ላይ ብዙ ጊዜ የሚወስዱትን አንቀጾች ለዓመታት ሲመዘግብ ቆይቷል። በዝርዝሩ አናት ላይ ደጋግሞ የሚቀመጠው የኃላፊነት ጣሪያ ነው፤ ማለትም አንዱ ወገን ቢያጠፋ ካሳው እስከ ስንት ይደርሳል የሚለው። ሦስተኛ ወገን ለሚያነሳው ጥያቄ ማን ይክሳል የሚለውም ከግንባር ቀደሞቹ ነው። በሥራ ላይ እውነተኛ ጠብ የሚያስነሱት ግን ሌሎች ናቸው፦ ሥራው በትክክል ምንድን ነው፣ ማን ምን ይሠራል፣ መቼ ይረከባል፣ ለውጥ ሲመጣ ዋጋው ምን ይሆናል?

ይህን ልዩነት ልብ እንበለው። ጠበቆቹ ጉልበታቸውን የሚያፈሱት ነገሩ ሁሉ ቢፈርስ ማን ምን ይከፍላል በሚለው ላይ ነው። ነጋዴዎቹ ደግሞ ነገሩ እንዳይፈርስ የሚያደርገውን ክፍል፣ የሥራውን ዝርዝር፣ «አባሪ አንድ ላይ ይገባል» ብለው ይተዉታል። ብዙ ጊዜ አባሪ አንድ የሚጻፈው በመጨረሻ፣ በችኮላ፣ ዕቃውን በማያውቅ ሰው ነው። የሥራ ዝርዝሩን ነጋዴውና ባለሙያው መሐንዲስ ወይም የመጋዘን ኃላፊ ራሳቸው በቅድሚያ ቢጽፉት የጠበቃው ሥራ ይቀላል፤ የሚያስፈራው ነገርም ያንሳል።

ከጠበቃው በፊት አንድ ገጽ

የመጀመሪያው መድኃኒት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ለጠበቃ ከመላኩ በፊት ሁለቱ ባለቤቶች ተቀምጠው በተራ አማርኛ ይጽፉታል። ምን ይሸጣል፣ በምን ጥራት? ዋጋው ስንት ነው፣ በየትኛው ገንዘብ፣ ምንዛሪው ቢለወጥስ? ቅድሚያ ክፍያ ስንት ነው፣ ቀሪው መቼ ይከፈላል? ማስረከቢያው የትና መቼ ነው? ማጓጓዣና ኢንሹራንስ በማን ነው? አንዱ ቢዘገይ ምን ይከተላል? ከውሉ መውጣት የሚፈልግ በስንት ቀን ማስታወቂያ ይወጣል? ክርክር ቢነሳ የት ይታያል? ማን ይፈርማል?

በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ባለቤቶቹ ካልተስማሙ ጠበቆቹ ሊያስማሟቸው አይችሉም። ብዙ «የጠበቃ መዘግየት» በእውነቱ ባለቤቶቹ ፊት ለፊት መነጋገር ያፈሩበት ጉዳይ ነው፤ እርስ በርስ መባባል ያልፈለጉትን በጠበቃ አፍ ይባባሉታል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ጥንቃቄ አለ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1719 መሠረት ሕጉ የተለየ ፎርም ካላዘዘ በቀር ውል በስምምነት ብቻ ይጸናል። ስለዚህ ያ አንድ ገጽ ራሱ ውል ነው የሚል ክርክር ሊነሳበት ይችላል። ዓላማው ለጠበቆች መመሪያ መሆን ከሆነ «ይህ ሰነድ ዋናው ውል እስኪፈረም ድረስ ማንንም አያስገድድም» የሚል ዐረፍተ ነገር ይጻፍበት። አስገዳጅ እንዲሆን ከተፈለገም በግልጽ ይባል። መሐል ላይ የተተወ ሰነድ አደገኛ ነው።

ለጠበቃ ትእዛዝ አሰጣጥ

አንዲት የታሸገ ውኃ ፋብሪካ ባለቤት ከጠርሙስ አቅራቢ ጋር ልትዋዋል ነው እንበል። ረቂቁን ይዛ ጠበቃዋ ዘንድ ሄዳ «እስቲ ይህን ይዩልኝ» ብትለው ጠበቃው ሁሉንም ያያል፤ 60 አስተያየትም ይዞ ይመለሳል። ከ60ው የትኛው እንደሚያሳስባት ስለማያውቅ ሁሉንም እኩል ይከራከርበታል። እንዲህ ብትለውስ?

«የማምረቻ መስመሬ ጠርሙስ አጥቶ አንድ ቀን ቢቆም ጉዳቱ ከባድ ነው። ስለዚህ በማስረከቢያው ቀንና በመዘግየት መቀጫው አልለቅም። ጥራቱን እያንዳንዱ ጭነት ሲገባ ናሙና ወስጄ አረጋግጣለሁ፤ እዚያ ላይ ለዘብ ይበሉ። ክርክሩ አዲስ አበባ እስከታየ ድረስ በየትኛው ተቋም ቢሆን ግድ የለኝም። ሕገ ወጥ የሆነ ወይም ድርጅቴን የሚጥል ነገር ካዩ ያስቁሙኝ። ሐሙስ ከሰዓት አስተያየትዎን እፈልጋለሁ።»

ይህ ትእዛዝ የሚወስደው ሁለት ደቂቃ ነው፤ የሚያስቀረው ግን የሳምንታት ምልልስ ነው። ውል ደጋግሞ የሚዋዋል ድርጅት ደግሞ ትእዛዙን በሠንጠረዥ ያስቀምጠው። በአንድ ዓምድ የምንፈልገው፣ በሁለተኛው ልንቀበለው የምንችለው፣ በሦስተኛው ፈጽሞ የማንቀበለው ይጻፍ። ከሁለተኛው ዓምድ ሳይወጣ የመጣ ጥያቄን የሽያጭ ሠራተኛው ራሱ ይቀበለዋል፤ ጠበቃ ዘንድ አይሄድም። ሦስተኛውን የነካ ብቻ ወደ ጠበቃና ወደ ሥራ አስኪያጅ ይወጣል። ይህን ሠንጠረዥ ነጋዴውና ጠበቃው አብረው ይሥሩት፤ በየዓመቱም ይከልሱት።

ጣሪያውን በቁጥር መነጋገር

ድርድሩን ከሁሉ በላይ የሚያቆመው የኃላፊነት ጣሪያ ስለሆነ ለብቻው እንየው። ውሉ የ10 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ሻጩ «ካሳዬ ከ1 ሚሊዮን አይበልጥ» ይላል፤ ገዢው «ጣሪያ የሚባል ነገር አይኑር» ይላል። ጠበቆቹ በመርህ ይከራከራሉ፤ የመርህ ክርክር ደግሞ ማብቂያ የለውም። ጥያቄውን ወደ ቁጥር ማውረድ ያስፈልጋል። ሻጩ ቢዘገይ ገዢው በቀን ስንት ያጣል? ሌላ አቅራቢ ለማግኘት ስንት ቀን ይፈጅበታል? ኢንሹራንስ የሚሸፍነው ምን ያህሉን ነው? ሻጩስ ስንት ቢከፍል ድርጅቱ ይዘጋል? ገዢው በቀን 300 ሺህ ብር የሚያጣ፣ ሌላ አቅራቢም በ10 ቀን የሚያገኝ ከሆነ እውነተኛ ሥጋቱ 3 ሚሊዮን ብር ነው። ከዚያ ወዲያ ክርክሩ በ1 ሚሊዮንና በወሰን የለሽ መካከል መሆኑ ያበቃል።

ሕጋችንም ለዚህ መንገድ ከፍቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1889 ተዋዋዮች ላለመፈጸም የሚከፈለውን ኪሳራ አስቀድመው በውሉ እንዲወስኑ ይፈቅዳል። በቀን ይህን ያህል፣ በጠቅላላው ከዚህ ሳይበልጥ ብሎ መቀጫ መወሰን ገዢውን ጉዳቱን ከማስላትና ከማስረዳት ድካም ያድነዋል፤ ሻጩም የሚጠብቀውን ዕዳ ያውቃል። ማጭበርበርንና ምሥጢር ማውጣትን ከጣሪያው ውጭ ማድረግ ደግሞ ብዙ ጠበቆችን ያረጋጋል። ይህን ሒሳብ መሥራት የሚችለው የንግዱ ባለቤት ነው፤ ጠበቃው የሚሠራው በቁጥሩ ላይ ነው።

አንድ ጊዜ ተደራድሮ ብዙ ጊዜ መነገድ

ጠበቃን ሳይንቁ ፍጥነት ማግኘት እንደሚቻል የሚያስተምረን የራሳችን ቡና ነው። አዲስ አበባ ያለ ላኪ ሃምቡርግ ወይም አንትወርፕ ላለ ገዢ ቡና ሲሸጥ የስምምነቱ መልእክት ጥቂት መስመር ነው፦ ደረጃው፣ መጠኑ፣ የሚጫንበት ወር፣ ዋጋው፤ ብዙ ጊዜም ከኒውዮርክ ገበያ በዚህ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ የሚል። ከዚያ «ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ» ይባላል፤ የአውሮፓ ቡና ፌዴሬሽን መደበኛ ውልም ይጠቀሳል። የክብደት ጉድለት፣ የጥራት ቅሬታ፣ የጭነት ማስረጃ፣ ግልግል ዳኝነት፣ ሁሉም በመደበኛው ውል አልቋል። «ኤፍ.ኦ.ቢ.» የሚሉት ሦስት ፊደላት ራሳቸው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1936 ማውጣት የጀመረውና በ2020 ያደሰው ኢንኮተርምስ የተባለው ደንብ አካል ናቸው፤ ወጪውና አደጋው ከሻጭ ወደ ገዢ የሚሻገርበትን ቦታ ያለ ክርክር ይወስናሉ። በኮንቴይነሮች ቡና ላይ የሚደረግ ስምምነት በሰዓታት የሚያልቀው ሕግ ተረስቶ አይደለም። የሕግ ሥራው አስቀድሞ፣ በጋራ፣ አንድ ጊዜ ስለተሠራ ነው።

የፋይናንሱ ዓለምም ይህንኑ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተመሠረተው ኢስዳ የተባለው ማኅበር ባንኮች በመካከላቸው ለሚያደርጉት የምንዛሪና የወለድ ግብይት ዋና ውል አዘጋጀ፤ በ1992 እና በ2002 የወጡት ቅጾች በመላው ዓለም ይሠራባቸዋል። የታተመው አካል አይነካም። ልዩነት ያለው ወገን ፍላጎቱን በተለየ አባሪ ይጽፋል። የአባሪው ድርድር ራሱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ አንዴ ከተፈረመ በኋላ ግን በሺህ የሚቆጠር ግብይት በአጭር ማረጋገጫ ብቻ ይካሄዳል። የሀገራችን የመንገድና የሕንፃ ተቋራጮችም ፊዲክ በሚባሉት መደበኛ የግንባታ ውሎች ይህን አሠራር ያውቁታል፤ አጠቃላዩ ክፍል እንዳለ ይቆያል፣ ለፕሮጀክቱ የተለየው ለብቻው ይጻፋል።

አንድ ኩባንያ ብቻውንም ይህን ማድረግ ይችላል። የጄኔራል ኤሌክትሪክ የአቪዬሽን ክፍል ከአውሮፕላን መረጃ ትንተና ጋር በተያያዘ ይሰጠው ለነበረው የዲጂታል አገልግሎት የተጠቀመባቸው ውሎች ረጃጅምና ውስብስብ ስለነበሩ ደንበኞቹ ለወራት ይደራደሩባቸው ነበር። የሕግ አማካሪው ሾን በርተን ከባልደረቦቹ ጋር ሰባት ውሎችን ወደ አንድ ባለ አምስት ገጽ ውል ጠቀለላቸው። መለኪያቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ አንብቦ ይገባዋል ወይ የሚል ነበር። አንዳንድ ደንበኞች አዲሱን ውል አንድ ቃል ሳይለውጡ ፈረሙ። በርተን እ.ኤ.አ. በ2018 ሐርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ እንዳስረዳው ድርጅቱ ከ270 የማያንሱ እንዲህ ያሉ ውሎችን ፈርሟል፤ የድርድሩም ጊዜ በ60 በመቶ ቀንሷል። ይህን ለውጥ ያመጡት ጠበቆቹ ራሳቸው መሆናቸው ልብ ሊባል ይገባል።

አንተም ውልህን ከፍተህ እንዲሁ አድርግ። ባለፉት ዓመታት የተለዋወጥካቸውን ማሻሻያዎች ተመልከት። ሁልጊዜ የምትከራከርበት፣ ሁልጊዜ ግን በመጨረሻ የምትለቅበት አንቀጽ ካለ ከመጀመሪያው ልቀቀው። ሁልጊዜ የሚጠየቅህን ተገቢ ነገር ሳትጠየቅ አስገባው። ሚዛኑን የጠበቀ ረቂቅ ሌላኛውን ጠበቃ የሚከራከርበትን ነገር ያሳጣዋል።

ረቂቁ ሲመላለስ

ድርድሩ ከተጀመረ በኋላ የሚያግዙ ጥቂት ልማዶች አሉ። አንደኛ፣ ረቂቅ የሚይዘው አንድ ወገን ብቻ ይሁን፤ ሁለት ቅጂ ሲዞር የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ ለማወቅ ብቻ ቀናት ይጠፋሉ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ለውጥ በግልጽ ይታይ። ሳይነገር የተቀየረ አንድ ቃል የተገኘ ዕለት ሌላኛው ወገን ሰነዱን ሁሉ እንደ አዲስ ማንበብ ይጀምራል፤ አይፈረድበትምም። ሦስተኛ፣ ከሁለት ምልልስ በኋላ በወረቀት መላላክ ይቁም። ያልተስማማንባቸው ነጥቦች በአንድ ዝርዝር ይውጡና «ይህ የንግድ ነው፣ ይህ የሕግ ነው፣ ይህ የአጻጻፍ ነው» ተብለው ይለዩ። አጻጻፉን ጠበቆቹ ለብቻቸው ይጨርሱ። የሕጉን ጉዳይ ጠበቆቹ ባለቤቶቹ ባሉበት ይነጋገሩበት። የንግዱን ባለቤቶቹ ይወስኑ። አራቱም ሰዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ በደብዳቤ ወር የሚፈጅ ነገር በአንድ ጠዋት የሚያልቅበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለባለቤቱ ፊት ለፊት የሚነገረው «አይሆንም» ምክንያት ይጠየቃልና።

የዘገየው የሌላኛው ወገን ጠበቃ ከሆነስ? እርሱን ማዘዝ አይቻልም፤ መስደብም አይጠቅምም። አቻህን፣ ማለትም የወገኑን ባለቤት ደውለህ «በሦስት ነጥብ ላይ ቆመናል፤ እነዚህ ናቸው፤ የእርስዎ ፍላጎት የትኛው ነው?» በለው። ብዙ ጊዜ ጠበቃው የሚሟገትበትን ነጥብ ባለቤቱ ጨርሶ አልሰማም። ደግሞም ጠበቃህን «በዚህ ሥጋት ላይ አስጠንቅቀውኛል፤ እኔ ልሸከመው ወስኛለሁ» ብለህ በጽሑፍ ስጠው። ያቺ አጭር ማስታወሻ በኋላ ተጠያቂ እሆናለሁ ከሚል ፍርሃት ታላቅቀዋለች፤ ውሉም ይንቀሳቀሳል።

የክርክር መፍቻ አንቀጽንም በራስህ ቃል አትጻፍ። በአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት ሥር ያለውን ጨምሮ የግልግል ተቋማት የተዘጋጀ አንቀጽ አላቸው፤ እንዳለ ውሰደው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. የ1958ቱን የኒውዮርክ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 1184/2012 ካጸደቀችና የግልግል ዳኝነት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 ከወጣ ወዲህ የውጭ ተዋዋዮች በዚህ ነጥብ ላይ የሚያነሱትን ሥጋት ለመመለስ የሚያስችል ጥሩ መሠረት አለ።

የፊርማው ዋዜማ

ሁሉም ካለቀ በኋላ ሌላ መዘግየት ይመጣል፤ ይህኛው በጠበቃው ይሳበባል እንጂ የጠበቃው አይደለም። ፈራሚው ሥራ አስኪያጅ በመመሥረቻ ጽሑፉ የተሰጠው ሥልጣን ይህን ያህል ገንዘብ አይሸፍንም፤ የባለአክሲዮኖች ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። ውክልናው በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ አይደለም። የንግድ ፈቃዱ አልታደሰም። የአፈጻጸም ዋስትናውን የሚሰጠው ባንክ ገና ማመልከቻ አልደረሰውም። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ሕጉ የሚያዝ ከሆነም በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1727 መሠረት ግዴታ ያለባቸው ወገኖች ሁሉ ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ያስፈልጋል።

እነዚህን ለፊርማው ሳምንት ማቆየት ያለቀን ሥራ መልሶ መጀመር ነው። አንድ ገጹ በተጻፈ ዕለት የሰነዶቹም ዝርዝር ይጻፍ፤ ማን እንደሚያመጣና እስከ መቼ እንደሆነ ይወሰን። ጠበቆቹ በአንቀጽ ላይ ሲከራከሩ ሠራተኞቹ ሰነዱን ያሰባስቡ።

መቆም ሲገባ መቆም

ይህ ሁሉ ሲባል ችኮላን ማወደስ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጠበቃህ «ቁም» ሲልህ መቆም ያለብህ ጊዜ አለ፦ ሻጩ የሚሸጥልህ ንብረት የእርሱ መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ ውሉ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሆኖ ፈቃዱ ከሌለ፣ የግል ንብረትህን ለድርጅትህ ዕዳ ዋስ የሚያደርግ አንቀጽ ከተሰነቀረ፣ ከውሉ የምትወጣበት በር ከሌለ፣ ፈራሚው ሥልጣን ከሌለው። በእነዚህ ላይ የሚጠፋ ሳምንት አልጠፋም። ጥሩ ጠበቃ የሚለየውም እዚህ ነው፤ ከ60 አስተያየት ውስጥ ቤት የሚያፈርሱትን ሦስቱን ለይቶ «በእነዚህ አትፈርም፣ በቀሩት እንደፈለግህ» ማለት የሚችል ነው። እንዲህ ያለ ጠበቃ ካለህ ያዘው፤ በአግባቡም ክፈለው። ቁርጥ ዋጋና ቁርጥ ቀን ተስማማ፤ ድርድሩ ሲጀመር ጥራው እንጂ ሲያልቅ አትጥራው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ጠበቃህ ዘንድ የተኛ ውል ካለ «ምነው አልጨረስከውም?» ብለህ አትደውል። በምትኩ ሦስት ነገር ጠይቀው፦ የቆምንባቸው ነጥቦች የትኞቹ ናቸው? ከእነዚህ ውስጥ የእኔን ውሳኔ የሚጠብቀው የትኛው ነው? ብወስን እስከ መቼ ታደርሰዋለህ? ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋ ወስን።